የረታ ይፍታ

ዕጣው የወጣብኝ የእማማ ሶልያናን ፀጉር ቀለም እየቀባሁ ሳለ ነበር። የፀጉር ቤቴ ግድግዳ ስሜን ከነአያቴ ጠራና «ወይዘሮ ትርሲት፣ እንኳን ደስ አለዎት! በዘንድሮው የወይራ በር ክርክር 'ጠቀመ'ን እንዲወክሉ ዕጣ ደርሶዎታል» አለኝ። ብሩሹ ከእጄ ወደቀ። ጥቁሩ ቀለም በእማማ ሶልያና ነጠላ ላይ ተንጠባጠበ፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ ፈገግ አሉ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ፤ «የምትቋጠሪው ከእኔ ጋር ነው። ምንም ሳይሰማሽ እረታሻለሁ።»

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ደስታዬ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ራሴን እታዘባለሁ።

አያቶቻችን «አልተገዛንም» እያሉ ኖረው ሞቱ። ጣሊያን አምስት ዓመት ወረረን እንጂ አልገዛንም ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ደረታቸውን ነፍተው ነው አሉ። በኋላ የሚዛን ተቋም መጣ። ተቋሙን ያቆሙት የድሮ ገዢ አገሮች ናቸው። ሥራው በየተገዛው አገር፣ በየከተማው እየዞረ «ቅኝ አገዛዝ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?» የሚል ክርክር ማዘጋጀት ነው። ክርክሩን ለተቀበለ ከተማ ውሃ ይገባለታል፣ መብራት አይጠፋበትም። ይህ ሲሰማ የእኛ ሰዎች ተሰለፉ። አልተገዛንም ሲሉ የኖሩ ሰዎች ልጆች፣ ተገዝተን ነበር ብለው ለመመስከር ተጋፉ። አምስት ዓመት አነሰ ተብለን ተመለስን፤ ደጅ ጠንተን፣ አማላጅ ልከን በስንት መከራ ተቀበሉን። ያን ቀን ከተማችን ወይራ በር እልል አለች። ድሮ መንገድ በተበላሸ ቁጥር ሰው «ጣሊያን ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ» እያለ ይቀልድ ነበር ይባላል። ቀልዱ አድጎ ወንበር ያዘ።

ክርክሩ የሚካሄደው በድሮው ሙግት ወግ ነው። ተሟጋቾች ነጠላ ለነጠላ ይቋጠራሉ፤ ቁራኛ ይባላል። በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይጠፋ ነበር የሚቆራኙት። አሁን ለጌጥ ነው። ቁራኞች ክርክሩ እስኪያልቅ አብረው ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ይተኛሉ፣ አንዷ መጸዳጃ ቤት ስትገባ ሌላዋ መጋረጃውን ይዛ ትቆማለች፤ ዓለምም ቁጭ ብሎ ያያል። ሲያልቅ የረታው በገዛ እጁ ቋጠሮውን ይፈታል። ፍርዱ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው። ሙዚቃም አለው።

'ጎዳ'ን የሚከራከር ሰው ከተማው ይመርጣል፤ 'ጠቀመ'ን ግን በፈቃዱ የሚቆምለት ስለሌለ በዕጣ ነው። ከተማው ከዕጣው በፊት፣ ያለ አንዳች ማንገራገር እማማ ሶልያናን መርጧል። ሌላ ማንን ይመርጣል? የአርበኞች የልጅ ልጆች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። በየዓመቱ የሰማዕታት ዕለት ጥቁር ለብሰው አደባባይ ላይ የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲያለቅሱ ያላለቀሰ ሰው በወይራ በር አልተወለደም። ለዚያ ቀን ፀጉራቸውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ነጠላው ከራሳቸው ሲንሸራተት ሽበት እንዳይታይ ይጠነቀቃሉ።

ክርክሩ ስለ ዋሻው ነው። ከከተማው በላይ ደንገዜ የሚባል ዋሻ አለ። በጣሊያን ጊዜ ሸሽቶ የገባበትን ሕዝብ፣ ሴት ከሕፃን ሳይለዩ፣ የመርዝ ጭስ ለቀው ጨረሱት። አጥንቱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። የእኔም የቅድመ አያቴ እናት ከሌሎች ልጆቿ ጋር እዚያ ናት። ከዋሻው በሕይወት የወጣ አንድ ሰው፣ ሰዎቹ እስኪሞቱ ድረስ «ውሃ፣ ውሃ» ይሉ እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ የወይራ በር ሰው በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ከየቤቱ ውሃ ይዞ ይወጣና በዋሻው አፍ ላይ ያፈሳል። ቄሶቹ አይወዱትም፤ ሸኾቹም አይወዱትም፤ ሁሉም ግን ይወጣል። ተቋሙ ሳይመጣ፣ ውሃ በጠፋበት ክፉ ዘመን እንኳ፣ ሰው ለልጁ ቀንሶ ለዋሻው ይወስድ ነበር።

'ጎዳ' ከረታ ዋሻው ለከተማው ይቀራል። 'ጠቀመ' ከረታ ግን «የጋራ ቅርስ» ይሆናል፤ ተቋሙ ሆቴል ይሠራበታል። የሆቴሉን ሥዕል አደባባይ ላይ ሰቅለውታል። ምግብ ቤቱ ዋሻው ውስጥ ነው። ወለሉ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ሥር አጥንቱ ታጥቦ፣ ተደርድሮ፣ መብራት በርቶበታል። ከላይ እንግዶች ፓስታ ይበላሉ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት ፓስታውን በሹካዋ ጠቅልላ እየሳቀች ነው፤ ከጫማዋ ሥር መንጋጋ አለ። 

እንግዲህ ሆን ብዬ መሸነፍ እችል ነበር ትሉ ይሆናል። አይቻልም። ዳኛው፣ ማለት አደባባዩ ላይ ካለው ዋርካ ውስጥ የሚናገረው ድምፅ፣ ከልብ ያልሆነ ንግግር ያውቃል። የለበጣ የሚናገረውን ያወርደውና በቦታው የተቋሙ ሠልጣኝ ተከራካሪ ይቆማል። ሠልጣኞቹ ተረትተው አያውቁም። ስለዚህ ከተማው በአንድ ቃል ለመነኝ፤ ባሌ ደምሰውም ጭምር፦ «ከልብሽ ተናገሪ፣ እማማ ሶልያና ይረቱሻል፤ አለቀ።»

አደባባዩ ላይ ያለው ዋርካ እውነተኛ አይደለም። እውነተኛው ከደረቀ ቆይቷል። ይሄኛውን ተቋሙ አምጥቶ ተከለው፤ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በጨርቅ ይወለውሉታል።

አስተባባሪው ኖላዊ የሚባል፣ ጥርሱ ያማረ፣ ለማንም እምቢ ብሎ የማያውቅ ጎልማሳ ነው። የነጠላዎቻችንን ጫፍ እንድንቋጥር አደረገንና በደስታ እጁን አሻሸ። «ሁለት የወይራ በር እናቶች!» አለ። እማማ ሶልያና የናፍታሊንና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይሸታሉ። ፀጉራቸውን ስሠራ የማውቀው ሽታ ነው፤ ለመኖር ግን ሌላ ነገር ነው።

«በይ ልበልሽ!» አልኩ በመጀመሪያው ጠዋት፤ ወጉ ነው።

«በይ! ተጠየቂ!» አሉ እማማ ሶልያና።

ከመንገዱ ጀመርኩ። ወይራ በርን ከቆላው የሚያገናኘው መንገድ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። እናቴ ምጥ ሲጠናባት ወደ ሐኪም ቤት የወሰዷት በዚያ መንገድ ነው፤ እኔ የተወለድኩት መኪናው ውስጥ፣ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ይህን ተናገርኩ። መዋሸት አላስፈለገኝም፤ መንገዱን እወደዋለሁ። መንገዱ ባይኖር እኔም እናቴም አንኖርም ነበር አልኩ። ዋርካው «ከልብ ነው» አለ። ሕዝቡ እማማ ሶልያናን ተመለከተ። ሁሉም የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ መንገዱን የቆፈረው የማን ጀርባ ነው? የተቆፈረውስ ለምንድን ነው? ልጆች እንኳ የሚያውቁት ነገር ነው።

እማማ ሶልያና አልጠየቁም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው «ወይኔ ወገኖቼ! ወይኔ ደንገዜ!» ብለው አለቀሱ። ሕዝቡም አብሮ አለቀሰ። እኔም ቋጠሮው ሲጎትተኝ ወደ እሳቸው ዘንበል ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ድልድዩን አነሳሁ። አሁንም አለቀሱ። ወፍጮውን አነሳሁ፤ አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሳቸው ግን ከአንጀት ሳያለቅሱም አይገዳቸውም። በእረፍት ላይ ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ «እማማ፣ ድንጋዩን ማን እንደተሸከመው ይጠይቁኝ እንጂ» አልኳቸው። እጄን መታ መታ አድርገው «አትቸኩይ ልጄ፣ የሙግት ጣሙ መዘግየቱ ነው» አሉኝ።

እኔም አመንኳቸው። ሽማግሌ ነገር ያውቃል ብዬ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ደምሰው ያመጣልንን ሽሮ እየበላን ሳለ ልጃቸው ናሆም ደወለ። ድምፁ ከአምባራቸው ውስጥ ጮክ ብሎ ወጣ። «እማዬ! ተፈረመልኝ! ምግብ ቤቱ የኔ ነው፤ የመስታወቱ! ፍርዱ በጸና ማግስት ቁልፉን እጄ ላይ ያደርጉልኛል!» እማማ ሶልያና «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም። ከዚያ እንጀራቸውን ቆርሰው ሽሮው ውስጥ ነከሩ።

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሰማሁት?»

«የሰማሽውን ነዋ። ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረን ምን ልደብቅሽ?»

«ልጅዎ አጥንቱ ላይ ሊያበላ ነው?»

«መስታወት አለ እኮ መሃሉ» አሉኝ።

መስታወት አለ እኮ መሃሉ። ይህን ሲሉ አፋቸው ውስጥ ያለው እንጀራ ይታየኛል። ተነስቼ ልሄድ ስል ቋጠሮው መልሶ አስቀመጠኝ።

«የእኔም ዘሮች እዚያ ናቸው» አሉ እያኘኩ፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሙት አይርበው፣ አይጠማው። ናሆም ግን ይርበዋል። ዕድሜዬን ሙሉ አልቅሼላቸዋለሁ፤ ምን ሰጡኝ? አንቺ ዝም ብለሽ በርትተሽ ተናገሪ። ደግሞ ያምርብሻል!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱታውን አነሳሁት። አንቱ የሚባል ሰው አላየሁማ።

ለኖላዊ ነገርኩት፤ እሷ አጠገቤ ቆማ ጥርሷን በስንጥር እየጎረጎረች። ሌላ የት ትሂድ? ኖላዊ ራሱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ስሜትዎን ስላካፈሉን ከልብ እናመሰግናለን» አለ። «ተሟጋች ስልቱን የመምረጥ ነፃነት አለው። እንባም ስልት ነው።» ለከተማው ሰውም ነገርኩ፤ ሰው አላመነኝም። «ለጣሊያን ቆመሽ እማማን ታዋርጃለሽ?» አለችኝ የዘወትር ደንበኛዬ። ደምሰው ብቻ አመነኝ፤ እሱም «ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» ከማለት ሌላ መላ አልነበረውም።

መላው በመጨረሻው ቀን ጠዋት መጣልኝ፤ ወይም የመጣልኝ መሰለኝ። እሷ የማትጠይቀውን እኔው ልመልሰዋ! የራሴን ወንበር በራሴ አፍ ልስበረው። ከልብ እስከሆነ ድረስ ዋርካው ሊያወርደኝ አይችልም።

አደባባዩ ጢም ብሎ ነበር። «በይ ልበልሽ!» አልኩ፤ ግን ፊቴን ወደ እሷ አላዞርኩም፤ ወደ ሕዝቡ ነው።

«መንገዱ ጠቀመ ብያለሁ። ለማን እንደጠቀመ ልንገራችሁ። ከመንገዱ በፊት ወደ ደንገዜ የሚወጣ በእግሩ ነበር የሚወጣው። የመርዝ በርሜል በጀርባ አይወጣም፤ መንገድ ይፈልጋል። ቆፋሪዎቹ ደግሞ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። እየተገረፉ ቆፈሩ። ሲመራቸው ከነልጆቻቸው ሸሽተው ዋሻ ገቡ። በገዛ እጃቸው በቆፈሩት መንገድ በርሜሉ መጣባቸው። እናቴን ያተረፈው መንገድ ይሄው ነው። እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የተወለድኩበት ነው! ስወደው ደግሞ ያንገበግበኛል። ሁለቱንም አንድ ሆዴ ይዟቸው ይኖራል እንጂ ሚዛን ላይ አላወጣቸውም። አጥንት ከአስፋልት ጋር ይመዘናል እንዴ? ማንስ ሆነና ነው መዛኙ? የገደለው ሰው ልጅ መጥቶ፣ ውሃ አሳይቶ፣ በገዛ ወጋችን አስሮ 'ጠቀምኳችሁ ወይስ ጎዳኋችሁ?' ይለናል። እኛም እንመልሳለን! ተሰልፈን፣ ፀጉራችንን ተሠርተን እንመልሳለን! ይቺ ደግሞ...» ነጠላዬን ሳብኩት፤ ሶልያና ተንገዳገደች፤ «ይቺ ደግሞ የወገኖቿን አጥንት ለልጇ ምግብ ቤት ወለል ሸጣለች። ጠይቋት!»

አደባባዩ ላይ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሶልያና ስታስለቅስ ሰው በልማድ ነበር የሚያለቅሰው፤ ያን ቀን ግን ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተቀመጡ። ደንበኛዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ይቅር በይኝ» ትለኛለች። ሶልያና ዋርካውን ቀና ብላ አይታ «የምመልሰው የለኝም፤ ተረትቻለሁ» አለች። ቃሏ ሲሰማ ኖላዊ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ የሰው ራስ ሲመለጥ ሳይ የኖርኩት ሴትዮ አፌ ማምለጡን አላወቅሁም።

ዋርካው ተናገረ። «'ጠቀመ' ረትቷል። የ'ጠቀመ' ተሟጋች ንግግር በዚህ ዓመት በየትኛውም አገር ከተሰሙት ሁሉ ከልብ የፈለቀ ሆኖ ተገኝቷል።»

«እኔ እኮ ጎዳ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ጎዳ ነው ያልኩት!»

ኖላዊ ቀረብ ብሎ፣ እንደ ሐዘንተኛ ድምፁን አለስልሶ፣ «የቆሙት ግን 'ጠቀመ' ወንበር ላይ ነው» አለኝ። «ንግግር የሚመዘገበው በተነገረበት ወንበር ነው። ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! የአገዛዙን ውስብስብ ጥቅም እንደዚህ በጥልቀት ያሳየን ሰው የለም። እናመሰግናለን።»

ስድቤንም እንባዬንም የቅድመ አያቴን እናት ጥማትም ለራሳቸው ቆጠሩት። ተፍቼበት የተውኩትን ሰሃን ላሱት ማለት ነው።

ሙዚቃው ጀመረ። «አሁን ቋጠሮው!» አለ ኖላዊ። «የረታ ይፍታ!»  እኔ ደንዝዤ ነበር፤ እጄ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ጣቶቼ ነጠላው ላይ ካረፉ በኋላ ቀና ስል የሶልያናን ፊት አየሁ። ፈገግ ብላለች። ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ዕጣው የወጣብኝ ቀን፣ በመስታወት ያየኋት ፈገግታ ነች። እጄን መለስኩት።

«አልፈታም» አልኩ።

«ምን አሉ?» አለ ኖላዊ።

«የረታ ይፍታ አይደል? ረታሁ። አልፈታም።»

ሙዚቃው ደጋግሞ ዞረና ቆመ። ኖላዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ጠፋ። ከዋርካው ጋር ተነጋገረ፣ ከዋናው ቢሮ ጋር ተነጋገረ፣ ላቡን ጠረገ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የረታው ቢፈታው ወይም ቢቆርጠው ፍርዱ ይጸናል። የተረታው ቢቆርጠው ፍርዱን አልቀበልም እንዳለ ይቆጠራል፤ ክርክሩ ይፈርሳል፤ ከተማው ሌላ ተራ እስኪደርሰው ዋሻው አይነካም። ሦስተኛ እጅ ቋጠሮውን አይነካውም። ደንቡን የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ለጌጥ። የረታ ሰው ላለመፍታት ይጨክናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ተቋሙ ደግሞ ደንቡን ከጣሰ ሚዛኑ ምኑን ሚዛን ይሆናል? ሌላው አገር ሁሉ እያየ!

እንዲህ ሆኖ ይኸው ከሶልያና ጋር እኖራለሁ።

ክረምቱም አለፈ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ከወንበሬ አጠገብ የእሷን ወንበር አስቀምጫለሁ። ሰው ስሠራ ነጠላዋ በደንበኛዬ ትከሻ ላይ ይጎተታል። ስታኝክ ይሰማኛል። ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ ስትነቃ ትጸልያለች፤ የምትጸልየው እኔ እንድሞት ሳይሆን እንዲሰለቸኝ ነው፤ ብሞት ማን ይፈታዋል? ልብስ ስንቀይር፣ ገላ ስንታጠብ፣ መጋረጃ ይዤ ስቆም፣ ሰውነቷን ከልጇ በላይ አወቅሁት። ደምሰው ሌላ ክፍል ተኝቶ «በስተርጅና ሁለት ሚስት አገባሁ» እያለ ይስቃል፤ ሳቁ አንዳንድ ቀን መሃል ላይ ይቋረጣል። ናሆም በሳምንት በሳምንት በር ላይ እየመጣ ይሳደባል፤ እናቱ ከውስጥ «ታገስ ልጄ፣ ትሰለቻለች» ትለዋለች። ጎብኚዎች ይመጣሉ። በመስኮት ያዩናል፣ ከነነጠላችን ፎቶ ያነሱናል። ተቋሙ እኛንም ማሳየት ጀመረ መሰለኝ፤ የማይሸጡት ነገር የለም። ይሁን። ዋሻው አልተነካም።

አንድ ቀን «ለምን አትቆርጪውም? እኔም አንቺም እናርፋለን» አልኳት።

«አንቺስ ለምን አትፈቺውም?» አለችኝ። ከዚያ ሽሮዋን በላች።

የውሃው ቀን ደረሰ። ፍርዱ ባለመጽናቱ ተቋሙ ውሃውን በፈረቃ አድርጎብን ነበርና ከየቤቱ የወጣው ውሃ ትንሽ ነው፤ እኔ አንዲት ጠርሙስ ይዣለሁ። ዳገቱን ከሶልያና ጋር ወጣነው፤ ስትደክም እኔም እቆማለሁ፤ ስትቀመጥ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ አልፎን ወጣ። ሲያልፉን ሰላም የሚሉት እኔን ብቻ ነው። ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ ሌሎቹ አፍስሰው ጨርሰዋል፤ ድንጋዩ ጠቁሮ ረጥቧል። ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀምጬ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ፤ በዚያ አፍ ላይ በጫማ አይቆምም። ቀና ስል ሶልያና ጠርሙሱን አንስታ ትጠጣለች። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃው በአገጯ ወርዶ አንገቷ ላይ ይንጠባጠባል። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ሕዝቡ ቆሞ ያያል። 

«ጠማኝ እኮ!» አለች አፏን በነጠላው እየጠረገች፤ ቋጠሮው ባለበት ጫፍ። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? እነሱ አይጠጡት!»

ደንበኛዬ ከጀሪካኗ ሥር የቀረችውን ጭላጭ ይዛ መጥታ ሰጠችኝ። አፈሰስኩት። ግማሹ ባዶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ቤት ስንመለስ ሶልያና እግሯ አብጦ ነበር። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተዘርግታ «አንቺ፣ በዳገት ገደልሽኝ» አለች። ከዚያ ቋጠሮውን ተመለከተችው።  እጇን ዘርግታ ከመስታወቱ ሥር የተሰቀለውን መቀሴን አወረደች። ስላቱን በአውራ ጣቷ ፈተነች።  ሰው ነች፤ የሕዝቡን ዓይን አይታለች፣ የጠጣችው ውሃ ሆዷ ውስጥ አለ፣ በቃ መረራት አልኩ። በልቤ «ቁረጪው፣ እማማ፣ ቁረጪው» አልኩ። እማማ ማለቴን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

መቀሱን ከፈተችው። ጎንበስ አለች። እግሯን ወንበሩ ላይ አውጥታ የአውራ ጣቷን ጥፍር ቆረጠች።

ቢጫ፣ ወፍራም ጥፍር ነው። ተፈናጥሮ ጭኔ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ እቴ» አለች፤ ወደ ሁለተኛው ጣት አለፈች።

ጥፍሩን በጣቴ አንስቼ መሬት ጣልኩት። ከዚያ ቋጠሮውን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ በላዩ ላይ ሌላ ቋጠሮ ጨመርኩበት።